ያልተለጠፈችው ነጠላ

ሬሳው ፊት አልነበረውም። ከደረቱ በላይ ያለው ሁሉ ከስሏል፤ ከወገቡ በታች ግን ካኪ ሱሪው ከነካውያው መስመር፣ ጫማው ከነወዙ ነበር። በቀኝ እጁ የችቦውን ብረት እንደጨበጠ ቀርቷል። ረዳቴ ሃምሳ አለቃ ተካ ጣቶቹን ከብረቱ ሊያላቅቅ ሞከረና ቆዳው አብሮ ሲመጣበት አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ። እኔም ቁርስ ሳልበላ መውጣቴ በጀኝ።

ሰኔ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ያለነው ንፋስ ስልክ፣ ከአንድ ግሪካዊ የተወረሰ የሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ቤት ውስጥ ነው። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል። እኔ መቶ አለቃ አባይነህ እባላለሁ፤ የወንጀል መርማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት ወንጀል መርማሪ መሆን ምን ማለት እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ሰው ተረሽኖ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይውላል፤ እኛ ደግሞ የተሰረቀ ራዲዮ እንፈልጋለን።

ሟቹ ጓድ ደምሰው ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርና የፋብሪካው አብዮት ጥበቃ አዛዥ። ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እዚያው ፋብሪካ በር ላይ ስንቱን በእጁ እንደረሸነ ፖሊስም ያውቃል። ፖሊስ አውቆ ምን እንደሚያደርግ ግን አትጠይቁኝ።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። እሑድ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ቦይለሩም ይጠፋል። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ቦይለር ቤት ይሰበሰባል፤ ደምሰው ጨርቅ የተጠቀለለበትን ብረት ናፍጣ አስነክሮ ይለኩስና መፈክር አሰምቶ በገዛ እጁ ምድጃው አፍ ውስጥ ይከተዋል። “የአብዮቱ ችቦ” ይሉታል። ምድጃው ይያያዛል፣ ይጨበጨባል፣ ሥራ ይጀመራል። በሌላ ፋብሪካ ቦይለር የሚለኩሰው የቦይለሩ ሠራተኛ ነው፤ እዚህ ግን ሊቀመንበሩ ነበር። ዛሬ ጠዋት ችቦውን ሲከት ምድጃው ሳይሆን እሱ ተያያዘ። እሳቱ በገባበት አፍ ተመልሶ ወጣና የብረቱን በር ገንጥሎ ሰውየውን ከነመፈክሩ ወሰደው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ምክትሉ ጓድ ቸኮል ነው። ቀጭን፣ ጢሙን የተላጨ፣ ቆሞ መዋል የማይችል ሰው ነው። ሲያወራኝ ከላያችን ያለው አምፖል ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። እሱ ንግግሩን ሳያቋርጥ በርጩማ ላይ ወጣ፣ ሽቦውን በባዶ ጣቱ ጠመዘዘና ወረደ። መብራቱ ጸና። ደፋር ነዎት ስለው ከአብዮቱ በፊት እዚሁ ፋብሪካ ኤሌትሪክ ይሠራ እንደነበር ነገረኝ።

ገዳዩ ተይዟል አለኝ። ዋቅጅራ የሚባል የቦይለሩ ሠራተኛ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ መፈክር ሲባል እጁን አያነሳም። ናፍጣውን ሆነ ብሎ ምድጃው ውስጥ አጠራቅሞ ሊቀመንበሩን አቃጠለ። ዛሬ ሠራተኛው ሲወጣ በሩ ላይ እርምጃ ይወሰድበታል። የእኔ ሥራ በአሻጥር መገደሉን ጽፌ መፈረም ብቻ ነው፤ ለጀግና ቀብር የፖሊስ ማረጋገጫ ይጠየቃል።

“ሳልመረምር?” አልኩት።

“ምኑን ይመረምሩታል ጓድ መቶ አለቃ? ሰፊው ሕዝብ ፈርዶ ጨርሷል።”

ደሜ ፈላ። ግን በዚያን ጊዜ ደም የሚፈላው በሆድ ውስጥ ነው፤ ፊት ላይ አይወጣም። እሺ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የሟቹ የሽጉጥ ማኅደር ባዶ ነው። ሽጉጡ የት ሄደ ብል ቸኮል ወገቡን ነካ አደረገ፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር የተጠመጠመበት ሽጉጥ ሰክቷል። የአብዮቱ ንብረት እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለ። ከቦይለሩ ጎን ቀንድ አውጣ የመሰለ የብረት ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ማራገቢያ አለ፤ አየር የሚስብበት አፉ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኗል። ከሥሩ መሬት ላይ በጭቃ ጫማ የተረገጠ እርጥብ የሴት ነጠላ ወድቋል። ማንም አላየውም። እኔ አጥፌ ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩት።

ቸኮል እኛን አስወጥቶ ቦይለር ቤቱን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሬሳው እስከሚነሳና በሩ እስከሚከፈትልኝ ድረስ እስረኛውን ላነጋግር ሄድኩ።

ዋቅጅራን ያገኘሁት ለሳሙናው የሚገባው ካውስቲክ ሶዳ በሚቀመጥበት መጋዘን ነው። ከመግባቴ በፊት ድምፁ ደረሰኝ። አንድ ቀይ ሻርፕ የጠመጠመ ጥበቃ በሁለት መዳፉ ግራና ቀኝ ጆሮውን እያጨበጨበ ይመታዋል፤ በየምቱ “አሻጥረኛ ይውደም” ይላል። ተካ ጥበቃውን በክርኑ ገፍቶ አስወጣው። ተካ ብዙ አይናገርም፤ ክርኑ ግን ይናገራል።

ሰውየው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ከግራ ጆሮው ደም በአንገቱ ይወርዳል። ስጠይቀው ራሱን አዘንብሎ “በቀኜ ይናገሩኝ ጌታዬ፣ ያኛው ጠፍቷል” አለኝ። ጠዋት የሆነውን አንድ በአንድ ነገረኝ። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ማራገቢያውን አስነሳ። ማራገቢያው ጮኸ። ምድጃው ያደረበትን አየር እስኪተፋ ጠበቀ። ከዚያ ናፍጣውን ከፈተ፤ ደምሰው ችቦውን ከተተ። ሌላ የሚያውቀው የለም።

“ማራገቢያው በደንብ መሥራቱን እንዴት አወቅህ?”

“በድምፁ ነዋ። ያን ድምፅ ሌት ተቀን ስሰማ ነው የኖርኩት። ዛሬ ሰው እያጨበጨበ ስለነበር አጥርቼ አልሰማሁትም፤ ግን ይጮኽ ነበር።”

እሑድ የት ነበርክ አልኩት። አልናገርም አለ። እዚህ ፋብሪካ መጥተህ ናፍጣውን ከፍተሃል ይሉሃል፣ የት እንደነበርክ ካልነገርከኝ ዛሬ ይገድሉሃል አልኩት። አውቃለሁ አለና ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ቆሽቴ አረረ። ሊያድኑት የመጡትን ሰው እንዲህ የሚያደርግ እስረኛ አይቼ አላውቅም።

ተካን ሁለት ነገር እንዲያጣራ ላክሁት፤ እሑድ ፋብሪካው ውስጥ ማን እንደነበር፣ ቸኮል ራሱስ የት እንደዋለ። ቸኮል ሳልጠይቀው በፊት እሑድን ሙሉ የከፍተኛው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ላይ እንደነበረ ነግሮኛል። ሳይጠየቅ የዋለበትን የሚናገር ሰው ያሳክከኛል፤ የሥራዬ በሽታ ነው።

እኔ ወደ ጋሼ በኃይሉ ሄድኩ። የፋብሪካው አሮጌ ሜካኒክ ናቸው፤ ትናንት አቦ ስለነበር መካኒሳ ማኅበር ውለው ዛሬም ጠላ ጠላ ይላሉ። ከቅዳሴ እስከ ምሽት ከድንኳኑ እንዳልወጡ የሚመሰክር ማኅበርተኛ ሞልቷል። ይህ ማራገቢያ ለምን እንደሚያስፈልግ እንደ ሕፃን አስረዱኝ አልኳቸው።

ጋሼ በኃይሉ ደስ አላቸው። እሳት ናፍጣ ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል አሉኝ። ይህን የሚያህል ምድጃ በጭስ ማውጫው ስበት ብቻ አይጠግብም፤ ስለዚህ ማራገቢያው ከውጭ አየር እየሳበ በግድ ይነፋበታል። አየር ካነሰው ያጨሳል፣ እንፋሎቱ ይደክማል፣ ሳሙናው ሳይበስል ይቀራል። ይህ የዘወትር ሥራው ነው። ዋናው ሥራው ግን ከመለኮሱ በፊት ያለው ነው። ቦይለሩ ጠፍቶ ሲውል ናፍጣ አምልጦ ምድጃው ውስጥ ሊተን ይችላል። ማራገቢያው ያንን ትነት ጠርጎ በጭስ ማውጫው ያስወጣዋል። ሳይጠረግ እሳት ከገባበት ምድጃው መድፍ ይሆናል።

“ታዲያ ማራገቢያው እየሠራ እንዴት መድፍ ሆነ?”

አንገታቸውን አከኩ። ያው ሴቶቹ ያንን የተረገመ ነጠላቸውን አስጥተውበት ይሆናላ አሉ። ክረምት ሲገባ ሴቶቹ ከሀና ማርያም፣ ከመካኒሳ በእግራቸው በዝናብ ርሰው ይመጣሉ። ነጠላቸውን ጨምቀው የማራገቢያው ወንፊት ላይ ያደርጉታል። ማራገቢያው አየር ሲስብ ነጠላውንም ስቦ ይለጥፈዋል፤ በአጭር ጊዜ ያደርቀዋል። ዋቅጅራ የማራገቢያውን ጉሮሮ አነቃችሁት እያለ ሲቆጣ ይኖራል፣ እነሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ።

ካፖርቴ ውስጥ ያለው ነጠላ ከበደኝ። አሳየኋቸው። በጥለቱ አወቁትና የውብነሽ ነው አሉ፤ የማሸጊያ ክፍሏ ውብነሽ። ወንድሟን ደምሰው በሚያዝያ በር ላይ ረሽኖታል።

ወይ ጣጣ። ገዳይ ልፈልግ ብዬ የሙት ወንድም እህት አገኘሁ። ቸኮል ይህን ቢሰማ ከዋቅጅራ ጎን ያቆማታል እንጂ ዋቅጅራን አይለቅም። ጋሼ በኃይሉን ስለ ነጠላው አፍዎን ይያዙ አልኳቸውና ብቻዬን ማሸጊያ ክፍል ሄድኩ።

ውብነሽ ሳሙና በወረቀት እየጠቀለለች ነው። ጎኗ ቆምኩና ነጠላውን ከካፖርቴ ጫፉን ብቻ አወጣሁላት። አልደነገጠችም። የእኔ ናት አለች። ስለ ደምሰው ስጠይቃት እጇን ሳታቆም መለሰችልኝ።

“ሲቃጠል አይቻለሁ። አላዘንኩም፣ አልዋሽዎትም። ግን እኔ አይደለሁም፤ ነጠላዬም አይደለችም።”

“ማራገቢያው ላይ አላደረግሽውም?”

“አድርጌያታለሁ። አልያዘም።”

“እንዴት አልያዘም?”

“አልያዘማ። እየጮኸ ነው፣ ግን ልለጥፋት ስል ወደቀች። ደግሜ ለጠፍኳት፣ ደግማ ወደቀች። ችቦው ሊለኮስ ነው ሲሉ ትቻት ሄድኩ። ሌላ ቀንማ እጅ ካልገባበት አይለቅም።”

ነጠላውን ገልብጬ አየሁት። እውነቷን ነው። ካለፉት ቀናት የቀሩ ጥቁር የቅባት ካሬዎች፣ የወንፊቱ አሻራዎች፣ ታጥበው የደበዘዙ አሉ። የዛሬ ግን ጭቃ ብቻ ነው። ማራገቢያው ጮኋል፣ ግን አልሳበም። አልሳበም ማለት አልነፋም ማለት ነው።

ልሄድ ስል ውብነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጨመረችልኝ። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ደምሰው፣ ሰኞ ችቦው ከተለኮሰ በኋላ ከመካከላችን ያለውን ሰርጎ ገብ አጋልጣለሁ ብሎ ነበር። ስም አልጠራም። እሑድን ሁሉም ሰው እኔ እሆን እያለ ሲባንን ነው የዋለው። ከስብሰባው ሲወጡ ግን ቸኮል ወገቡ ባዶ ነበር። ለሽጉጡ ከልጆቹ በላይ የሚሳሳ ሰው ሽጉጡን ተገፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ በዐይኗ አይታለች። ዛሬ የታጠቀው ቀይ ክር ያለበት የደምሰው ነው።

ተካን ለመጠበቅ ወደ ዋናው በር ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ አንዲት ሴት አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። እላይዋ ላይ ያለው ሁሉ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ብብቷ ሥር ግን አንድ ጥቅል ነጭ አቡጀዲ በላስቲክ ሸፍና እንዳይርስ ይዛለች። የዋቅጅራ ሚስት ገዲሴ ናት። ማዕረጌን ስታይ ተጠጋችኝ።

“ጌታዬ፣ ሬሳውን ይሰጡኛል?”

ገና ነፍሱ አለች አልኳት። ዛሬ እንደሚገድሉት ነግረዋታል፤ ሰው እንዳያነሳው መንገድ ላይ ይጥሉታል ብላ ከፈኑን ይዛ መጥታለች። እሑድ የት እንደነበረ ንገሪኝ፣ እሱ እንቢ ብሎኛል አልኳት። ብዙ ካለቀሰች በኋላ ነገረችኝ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ ወዲህ በአንድ ምእመን ቤት መስኮት ዘግተው ይጸልያሉ። እሑድን ሙሉ እዚያ ነበሩ። ቤቱን ከተናገረ ባለቤቶቹ ከነልጆቻቸው ይታፈሳሉ። ስለዚህ አይናገርም፤ እሷም የቤቱን ባለቤት ስም አትነግረኝም። ብትገድሉኝም አልነግራችሁም አለችኝ፤ “አልነግራችሁም” ስትል እኔንም ከእነሱ ደመረችኝ። አንጀቴን በላችው፤ ደግሞም ቅር አለኝ። አልፈረድኩባትም።

ተካ በላንድሮቨሩ ጭቃ እየረጨ ደረሰ። እሑድ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ምንም ስብሰባ አልነበረም፤ ተሰርዟል። ፋብሪካውን በተራ የሚጠብቀው ዘብ ደግሞ፣ ቸኮል እሑድ መጥቶ እኔ እጠብቃለሁ፣ አንተ ቤትህ ሂድ ብሎ እንዳሰናበተው ነገረው። ቸኮል ዐይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሸኝ።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ለሪፖርቴ ልለካ ብዬ ቸኮልን ቦይለር ቤቱን አስከፈትኩ። ሬሳውን የሚሸኘው ሰልፍ ላይ ሰው ሲያሰልፍ እኔ፣ ተካና ጋሼ በኃይሉ ገባን። ማራገቢያውን አስነሱልኝ አልኳቸው። ጮኸ። የውብነሽን ነጠላ አርጥቤ ወደ ወንፊቱ አስጠጋሁት። ከእጄ መንጭቆ ወሰደውና ድርግም አድርጎ ለጠፈው። ስጎትተው አልለቅም አለኝ።

ጋሼ በኃይሉ ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ጠዋት አልሳበም፣ አሁን ሳበ። ማራገቢያ ራሱን አያክምም። ይህ የሚሆነው በአንድ መንገድ ነው አሉ፤ ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ማራገቢያው ወደ ኋላ ይዞራል። ጩኸቱ ያው ነው፤ የሚነፋው አየር ግን የሚነፋ የሚባል አይደለም። የለዋወጠው ሰው ደግሞ ከእሳቱ በኋላ መልሶ አስተካክሎታል። ከእሳቱ በኋላ የቦይለር ቤቱ ቁልፍ የነበረው በአንድ ሰው ኪስ ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ቸኮልን ልያዝ ብል ጥበቃው ሁሉ የእሱ ነው፤ ጠመንጃውም የእሱ ነው። ከፍተኛው ሄጄ ብናገር ስብሰባ እስኪጠሩ ዋቅጅራ ይቀበራል። እዚያው ቆሜ አሰብኩ፣ አሰብኩና ጋሼ በኃይሉን ሽቦዎቹን እንደገና እንዲያለዋውጡ ለመንኳቸው። ሁለቱን ሽቦ ፈትተው አለዋውጠው አሰሯቸው። ተካ ደግሞ ከውጭ ከታንከሩ ሥር ያለውን ዋናውን የናፍጣ መዝጊያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

ከዚያ ቸኮል ዘንድ ሄጄ እንደ ካድሬ ተናገርኩ። አሻጥሩ በሰፊው ሕዝብ ፊት ይጋለጥ አልኩት። አሻጥረኛው ጠዋት ያደረገውን በሠራተኛው ፊት ይድገመው፤ ችቦውን አዲሱ ሊቀመንበር ይያዝ፤ እኔም እዚያው እፈርማለሁ። “አዲሱ ሊቀመንበር” ስለው ዐይኑ በራ። አፉን ሞልቶ ትክክል ነው አለ።

ሠራተኛው ፊሽካ ተነፍቶለት ተሰበሰበ። ዋቅጅራን ሁለት ጥበቃዎች እየጎተቱ አመጡት፤ አንደኛው ያው ቀይ ሻርፑ ነው። እኔ ከመጋዘን ከወጣሁ በኋላ ሌላኛውንም ጆሮ ጨርሰውታል፤ በቀኙ በኩል ብናገረው ዐይን ዐይኔን ያየኛል እንጂ አይሰማኝም። በጣቴ ማብሪያውን አሳየሁት። በታሰረ እጁ ተጫነው። ማራገቢያው ጮኸ፤ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ በኃይሉ ሁሉም እያየ የናፍጣውን እጀታ ከፈቱ። ታንከሩ መዘጋቱን ከእኛ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

ቸኮል ችቦውን ለኩሶ መፈክሩን ጀመረ። እኔ የውብነሽን ነጠላ አንሥቼ ወንፊቱ ላይ አደረግኩት። ተንሸራቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ቸኮል መፈክሩን ከመሃል አቆመው። ዐይኑ ነጠላው ላይ ነው።

ዋቅጅራ ደግሞ በልማዱ ለመስማት ራሱን አዘንብሎ ነበር። የሚሰማው ነገር ሲያጣ ወደ ወንፊቱ ሄደና መዳፉን ዘረጋበት። ፊቱ ተለዋወጠ። ዘወር ብሎ ችቦውን አየና ከጥበቃዎቹ እጅ አምልጦ የምድጃውን አፍ በጀርባው ጋርዶ ቆመ።

“አየር የለም! አትለኩሱ፣ አየር የለም!”

ራሱን የማይሰማ ሰው ጩኸት ነው። ሊገድለው የተዘጋጀውን ሰው ከእሳት ሊያድን ነው የሚጮኸው። ቀይ ሻርፑ በሰደፍ ጎኑን መታው፤ ከቦታው አልተነቃነቀም።

“ይለኩሱት እንጂ ጓድ ሊቀመንበር” አልኩት ቸኮልን፣ አጠገቡ ቆሜ። “ሊያደናግር ነው። ማራገቢያው ይኸው ይጮሃል። እኔም እዚሁ ነኝ።”

ላቡ ከአገጩ ጠብ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሌላም ጨመረ።

“አጥፉት” አለ። “ወደ ኋላ ነው የሚዞረው፣ አጥፉት!”

ጋሼ በኃይሉ አጠፉት። ማራገቢያው እያቃሰተ ሲቆም ቦይለር ቤቱ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

“ማን ነገረህ?” አልኩት። እርስዎ ማለቱን እዚያ ላይ ተውኩት። “ዋቅጅራ አየር የለም ነው ያለው። ወደ ኋላ መዞሩን የምናውቀው ያዞርነው ሦስት ሰዎች ነን። አራተኛው ቀድሞ ያዞረው ነው። እሑድ ስብሰባ አልነበረም ቸኮል፤ ዘቡን አሰናብተህ፣ ናፍጣውን ምድጃው ውስጥ ለቀህ፣ ሽቦውን ያዞርከው ያኔ ነው። ደምሰው ዛሬ ሊያጋልጥ የነበረው አንተን ነው፤ ሽጉጥህን ቅዳሜ ገፎሃል።”

ችቦውን ፊቴ ላይ ወረወረው። በክንዴ ስከላከል እጅጌዬ ተያያዘ። ቀይ ክር ያለበትን ሽጉጥ መዝዞ ተኮሰ፤ ተካ ትከሻውን ይዞ ማራገቢያው ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ጥይት ከብረት ብረት ነጥሮ የአንዲት ሴት ጭን ገባ። ሰዉ እርስ በርሱ ተረጋገጠ። ሦስተኛውን ወደ ምድጃው ሲያነጣጥር አየሁት። ዋቅጅራ እዚያው ቆሟል፤ ጥይት መተኮሱን አያውቅም፤ ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ በታሰረ እጁ የናፍጣውን እጀታ ለመዝጋት ይታገላል። ውብነሽ ከኋላው ወገቡን ይዛ መሬት ላይ ዘረረችው። ጥይቱ የቆመበትን ቦታ አልፎ ጡብ ፈረካከሰ።

አራተኛ አልተኮሰም። የሳሙና ማማሰያ ዘንግ የያዘ ሠራተኛ ክንዱን ሰበረው፤ ሌላው ጭንቅላቱን አለው። ሲንበረከክ ቀይ ሻርፑ ጥበቃ ቀረብ ብሎ ጠመንጃውን ደረቱ ላይ ደገነና ሁለት ጊዜ ተኮሰበት። ቸኮል ጠዋት ደምሰው የወደቀበት ቦታ ላይ ወደቀ። ቀይ ሻርፑ ግራ እጁን አነሣ።

“አሻጥረኛ ይውደም!”

“ይውደም!” አለ ሕዝቡ። መጋዘን ውስጥ ዋቅጅራን ሲደበድብ የሰማሁት ያው ቃል፣ ያው ድምፅ ነው። በሳምንቱ እሱ አዛዥ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። አልገረመኝም።

የተቃጠለ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ዋቅጅራን በሩ ድረስ ራሴ ወሰድኩት። ማንም አልከለከለኝም፤ ማን እንደሚከለክል ገና አልወሰኑም ነበር። ገዲሴ ስታየው አቡጀዲው ከእጇ ወደቀ። እያለቀሰች ታወራዋለች፣ ትጠይቀዋለች፤ እሱ አፍ አፏን ያያል። ጆሮውን በጣቱ አሳያት። የወደቀውን ከፈን አንሥታ፣ ጭቃውን አራግፋ፣ በዝናብ የሚንቀጠቀጥ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ነሐሴ ላይ ተካ ትከሻው ሽሮለት ሥራ ሲጀምር በዚያ በኩል ስናልፍ ገባ አልን። ሰኞ ጠዋት ነው። ችቦና መፈክር ቀርቷል፤ አዲሱ አዛዥ ቦይለር ቤቱ ደጃፍ አይደርስም። ዋቅጅራ ሥራው ላይ ነው። ማራገቢያውን አስነሳ። ድሮ እንደሚያደርገው ራሱን አላዘነበለም። ሴቶቹ ከዝናብ ገብተው ነጠላቸውን እየጨመቁ ቆመዋል። እጁን ወደ ውብነሽ ዘረጋ፤ ነጠላዋን ሰጠችው። ወንፊቱ ላይ አደረገው። እጁን ሰብስቦ ቆሞ ተመለከተ።

ነጠላው ሽቦው ላይ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ጫፉን ይዞ ሳብ አደረገው፣ አልለቀቀም። ከዚያ ምድጃው ላይ ወዳለው ሠራተኛ ዞሮ “ለኩስ” አለ። ራሱን ስለማይሰማ በጣም ጮኾ ነው የተናገረው።